በሰይድ ስም የጠበስኩት ፍየል

ከቆቦ ከተመለስኩ ሁለት ሳምንቴ ነው። ጎረቤቶቼ «እንዴት ነበር?» ባሉኝ ቁጥር ከመሀል እየጀመርኩ ስላደናገርኳቸው፣ አንዴ ከመነሻው እስከ መመለሻው ጽፌው ልገላገል ብዬ ተቀመጥኩ። ደብረ ብርሃን ተወልዶ ደብረ ብርሃን ላረጀ ሰው የራያ ቆላ በወሬ ብቻ የሚታወቅ አገር ነው። እኔም ከዚህ የተሻልኩ አልነበርኩም። ልዩነቱ፣ የዚያ አገር ሰው ስም ሦስት ዓመት ሙሉ በራፌ ላይ ተሰቅሎ መኖሩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቆቦ ሰው በጦርነቱ ምክንያት በተፈናቀለበት ጊዜ፣ አያ ሰይድ የሚባሉ ሽማግሌ ከባለቤታቸው ጋር መጥተው ግቢዬ ውስጥ አምስት ወር ተቀመጡ። በአገራቸው የታወቀ የፍየል ጥብስ ቤት የነበራቸው ሰው ናቸው። እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ሲያንገሸግሻቸው አንድ በርሜል ለሁለት አስቀድደው፣ እኔን ረዳት አድርገው፣ አጥሬ ሥር ሥራቸውን ጀመሩ። እሳቸው ያርዳሉ፣ እሳቸው ይጠብሳሉ። የሚበሉት አብረዋቸው የተፈናቀሉ ሙስሊሞችና የመንገድ ሾፌሮች ነበሩ። እኔ ክርስቲያን ነኝና ከዚያ ሥጋ አንድ ጉርሻ አልቀመስኩም። በዚህ በአገራችን ማንም ማንንም አይቀየምም። ሙያውን የተማርኩት በአፍንጫዬና በጆሮዬ ነው። ስቡ ፍም ላይ ሲንጠባጠብ ድምፁን፣ ሥጋው ለመገልበጥ ሲደርስ ሽታውን አጠናሁ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ «ስሜን ያዢው፣ አታሳፍሪኝ» አሉኝ። እኔም «የሰይድ የራያ ፍየል ጥብስ ቁጥር ሁለት» ብዬ አጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ የሚያርድልኝ የሰፈራችን ሰው ሆነ፣ የሰፈሬ ሰውም ደንበኛዬ ሆነ፣ ሾፌሮቹም አልቀሩም። ባሌ ከሞተ በኋላ ሁለት ሴት ልጆቼን ያኖርኩት በዚህ ቤት ነው።

አንድ ቀን ስልኬ ጠራ። አያ ሰይድ ናቸው።

«አስካለ፣ ስሜን ከደጅሽ አውርጂ።»

«ምነው አያ ሰይድ? ምን አጠፋሁ?»

«በስልክ የሚባል አይደለም» ብለው ዘጉት።

እልኸኛ ነኝ። ሰው ሙያዬን ሲነካብኝ ደግሞ የባሰብኝ እሆናለሁ። ጥብሱ አልደረሰላትም ብሎ ነገር ያቀበላቸው ሰው አለ ብዬ ደመደምኩ። ሄጄ የአገሩን ጥብስ አንድ በአንድ ቀምሼ፣ የጎደለኝ ካለ አሟልቼ፣ ስሙን ይዤ ልመለስ ቆረጥኩ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ሦስት ሾፌር ጠየቅሁ። ሁለቱ ሰላም ነው አሉኝ፣ አንዱ «ፈጣሪ ያውቃል» አለኝ። ለሁለቱ አደላሁ።

ቅዳሜ ሲነጋጋ ተሳፈርኩ። ለማወዳደሪያ እንዲሆነኝ የገዛ ቤቴን ጥብስ ድርቅ አድርጌ ጠብሼ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ይዣለሁ። ለአያ ሰይድ ባለቤት ስጦታ ደግሞ አንድ ዕቃ ሙሉ የመንዝ ቅቤ። ሹራብ ለብሻለሁ፣ ከላይ ጋቢ ደርቤያለሁ። እኛ ጋ ያለ ጋቢ የሚወጣ ወይ ጎረምሳ ነው ወይ እብድ። የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ ጋቢውን ጣልኩ። ሸዋ ሮቢት ሳንደርስ ሹራቡን አወለቅሁ። ሸዋ ሮቢት ላይ ለምሳ ስንወርድ ጭኔ ላይ አንድ ለብ ያለ ነገር ተሰማኝ። ደብረ ብርሃን በማንኪያ የማይቆፈረው ቅቤ ውሃ ሆኖ፣ በክዳኑ ሾልኮ፣ የክት ቀሚሴን አርሶታል። አጠገቤ የተቀመጡት የኮምቦልቻ ሴትዮ ከት ብለው ስቀው «የኔ ዓለም፣ ቅቤ ለራስ ነበር» አሉኝና ነጠላቸውን አውልቀው ወገቤ ላይ አሰሩልኝ። ኮምቦልቻ ሲወርዱ ልመልስላቸው ብል «አይሆንም» ብለው ጥለውልኝ ሄዱ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኋቸውም።

ደሴ ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። ብርዱ እንደ ቤቴ ስለሆነ ደስ አለኝ። አልጋ ከያዝኩበት ፊት ለፊት «ኦሪጅናል የራያ ጥብስ» የሚል ታፔላና የመስቀል ምልክት አየሁና ሥራዬን ጀመርኩ። ሥጋው ለስላሳ ነው፣ ግን ዘይት ውስጥ የዋኘ ነው። ጠባሹን አስጠርቼ «ከራያ የት ነህ?» ስለው፣ በራያ አልፎም እንደማያውቅ፣ ትውልዱ ደብረ ማርቆስ እንደሆነ ሳያፍር ነገረኝ። ታፔላውን ባለቤቱ የገዛው ከቀድሞው ተከራይ፣ ከቤቱ ዕቃ ጋር አብሮ ነው። ሳቅሁበት። «የሰው ስም ይዞ መነገድ እንዲህ ነው» ብዬም ለራሴ ተናገርኩ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

እሑድ ከደሴ በሚኒባስ ወልድያ፣ ከወልድያ ደግሞ በሌላ ሚኒባስ ጎብዬ ገባሁ። ከወልድያ በኋላ አገሩ ይዘረጋል። የእኛ አገር ሜዳም ሰፊ ነው፣ ግን እንደዚህ አያቃጥልም። ግራና ቀኙ ሰው የሚውጥ ማሽላ ነው። ለገብስና ለባቄላ ለለመደ ዓይን እህል ከሰው በልጦ መቆሙ ድፍረት ይመስላል። ጎብዬ ላይ ሰዎች እትዬ ሙሉ ወደምትባል ጠባሽ ላኩኝ። እሷም ክርስቲያን ናት፣ በሬ የሚያህል ድስት በአንድ እጇ የምታነሳ ሴት። የፍየል ጎድን ከማሽላ እንጀራ ጋር አቀረበችልኝ። በላሁ። ጣቴን ሳላውቀው ልሼዋለሁ። ሥጋው ከእኔው ይልቅ ጣፋጭ ነው። ምክንያቱን ስጠይቃት፣ የቆላው ፍየል የሚቀጥፈው ቅጠል ነው፣ አንቺ ጋ ያለው ሣር ይግጣል አለችኝ። የእሳቱ ነገር ግን የእኔ ይበልጣል ብዬ ጠረጠርኩ። እሱን ላረጋግጥ ብዬ ከጠረጴዛው ሥር ዕቃዬን ከፍቼ የራሴን ስቀምስ፣ ከኋላዬ ቆማ አየችኝ።

«ምን እያረግሽ ነው? ቤቴ ተቀምጠሽ የሰው ቤት ጥብስ?»

ደነገጥኩና እውነቱን ዘረገፍኩ። እሷም ተቆጥታ ሳትጨርስ አንድ ቁራጭ ከእጄ ቀምታ አኘከች። አንገቷን ወደ ጎን አዘንብላ፣ እንደገና አኘከች። «ይሄ የአያ ሰይድ አጠባበስ ነው። ጭሱን አውቀዋለሁ፣ በደጃቸው ሳልፍ ይሸተኛል። ደብረ ብርሃን ያለው ቤት ያንቺ ነው?»

«የእኔ ነው» አልኩ፣ ደረቴን ነፋ አድርጌ።

ፊቷ ወዲያው ተለወጠ። «እንግዲህ ቆቦ ስትደርሺ ራሳቸው ይንገሩሽ» ብላ ትሪውን ወደ ማንሳት ዞረች። አልጋ ቤቱ በሠርገኛ ሞልቶ ነበርና የራሷን አልጋ ለቅቃልኝ እሷ መሬት አነጠፈች። ብከፍላት ተቀየመችኝ።

ሰኞ ጠዋት የራያዋን ሮቢት አልፌ ቆቦ ደረስኩ። ቆቦ ባጃጅና ፀሐይ የበዛባት ከተማ ናት። ግመል በአስፋልቱ ዳር አልፎ ሲሄድ ዞር ብዬ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። የአያ ሰይድን ቤት ለማግኘት ሦስት ጊዜ በደጁ ተመላልሻለሁ። ታፔላ የለውማ! ቁጥር ሁለት ታፔላ አለው፣ ቁጥር አንድ የለውም። ቆርቆሮ ዳስ፣ ረዥም አግዳሚ ወንበሮች፣ መሀል ላይ በርሜል፣ ያ የማውቀው ሽታ። ሽታውን ተከትዬ ነው የገባሁት።

አያ ሰይድ ቀጥነዋል። ሲያዩኝ ብድግ ብለው ትከሻዬን ያዙኝ፣ ልጆቼን በየስማቸው እየጠሩ ጠየቁኝ። ለሞተው ባሌ እንኳ «አላህ ይዘንለት» ሳይሉ አልቀሩም። የነገሩን ሥር ገና ልጠይቅ አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱ።

«እንግዳ ሳይበላ አይወቀስም። ሞላን ጥሩልኝ!»

ሞላ ክርስቲያን ጎረቤታቸው ነው። የራሱን ቢላዋ ይዞ መጣ። አያ ሰይድ ከጉሮኗቸው አንድ ግልገል ፍየል አውጥተው ገመዱን ሰጡት። ሞላ ከአጥሩ ወዲያ በራሱ ግቢ በስመ አብ ብሎ ባርኮ አረደ፣ በራሱ ምድጃ፣ በሚስቱ ዕቃ ጠበሰ። አያ ሰይድ አጥሩ ላይ ተደግፈው፣ ሥጋውን ሳይነኩ፣ «ገልብጠው እንጂ! ስቡ ወደ ፍሙ ይሁን! ሱብሃንአላህ፣ ይሄ ሰውዬ አርባ ዓመት ጎረቤቴ ሆኖ አልተማረም» እያሉ ያዙታል። ሞላም «እርስዎ ቀምሰው የማያውቁትን ምኑን ይተቹታል?» እያለ ይመልሳል። ከሞላ ቤተሰብ ጋር ተቀምጬ በላሁ። በመንገዴ ከቀመስኩት ሁሉ ይበልጥ ነበር። እየተቆጡኝ እንኳ በሃይማኖቴ የማይገባኝን እንዳልበላ ተጠነቀቁልኝ፣ ጥንቃቄያቸውን ግን ያኔ አላስተዋልኩትም። እጄን ታጥቤ ወደ እሳቸው ግቢ የተመለስኩት ሙግቴን እያሰናዳሁ ነው።

ዕቃዬን ከፈትኩና ፊታቸው አስቀመጥኩ። ደረቅ ጥብሴ ሦስተኛ ቀኑን ቢይዝም ሽታው አልሄደም።

«አያ ሰይድ፣ እንደማይበሉት አውቃለሁ። ያሽትቱት ብቻ። የጎደለው ነገር ካለ አሁኑኑ ይንገሩኝ።»

አላጎነበሱም። ዕቃውን ሳይሆን እኔን ነው ያዩኝ።

«እኔ እንደማልበላው ካወቅሽ፣ ስሜ ስለምን ይሸጠዋል?»

ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ ማለት ይሄ ነው። እኔ ስለ ጨውና ስለ ጭስ ልሟገት ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ መጥቻለሁ።

አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የነበረውን ጎልማሳ አስተዋወቁኝ። እንድሪስ ይባላል፣ የጭነት መኪና ሾፌር፣ የሮቢት ልጅ ነው። ከወራት በፊት በደጄ ሲያልፍ ታፔላውን አይቶ ቆመ፣ ጠግቦ በላ፣ ለእናቱም አስጠቅልሎ ወሰደ። በሌላ ጊዜ ሲመለስ ግን የተመጋቢዎቹን አንገት አየ። ሁሉም ማተብ አስረዋል። ያኔ ነው ማን እንዳረደው የጠየቀው።

«ያኔ መጀመሪያውኑ ብትጠይቅ ምን ነበረበት?» አልኩት። ይህን ማለቴን ልደብቀው እችል ነበር፣ ግን ብያለሁ።

«ምን ብዬ ልጠይቅ፣ እህቴዋ?» አለ፣ ድምፁን ሳያነሳ። «የአያ ሰይድ ስም ተጽፎ! ወላሂ አገሬ የገባሁ ነው የመሰለኝ።»

እውነቱን ልናገር። ያላሰብኩት ነገር አልነበረም። የሚጨንቀው ሰው ይጠይቃል፣ ከጠየቀኝ አልዋሽም እያልኩ ሦስት ዓመት ራሴን ስሸነግል ኖሬያለሁ። አንድ ሾፌር «ቢስሚላህ» ብሎ ሲጎርስ ሰምቼ ፊቴን ያዞርኩበት ቀን ትዝ ይለኛል። ማንም ያልጠየቀኝ ስሙ ቀድሞኝ ስለሚመልስላቸው ነው። ከአጥሩ ወዲያ ሞላ ቢላዋውን ሲያጥብ አየሁትና ፊቴ በእፍረት ጋለ።

«ከእኔ ጋር ያለው ይቀላል» አሉ አያ ሰይድ። «የእንድሪስን እናት ሳታዪ እንዳትመለሺ።»

ማክሰኞ ከእንድሪስ ጋር ወደ ሮቢት ተመለስን። ባጃጃችን መሀል ላይ ጎማ ፈነዳባትና እሱ ሾፌሩን ሲረዳ እኔ ማሽላው ጥግ ቆሜ ጠበቅሁ። ተመልሶ መሄድ አማረኝ። በሕይወቴ ብዙ ከባድ በር አንኳኩቻለሁ፣ እንደዚያኛው የከበደኝ ግን የለም። ቢሆንም መጥቻለሁና እገባለሁ ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

የእንድሪስ እናት እማማ ዘይነባ መደብ ላይ ተቀምጠው የጸሎት ሙስበሃቸውን ይቆጥራሉ። ትንሽዬ፣ ዓይናቸው የደከመ ሴት ናቸው። እንድሪስ ማን እንደሆንኩ ሲነግራቸው መቁጠሩን አላቆሙም። እግራቸው ሥር ተንበርክኬ «አፉ ይበሉኝ» አልኳቸው። በወሎ ይቅርታ የሚለመነው እንደዚህ ነው፣ እንድሪስ ነው ባጃጁ ውስጥ መጨረሻ ላይ የነገረኝ።

ሙስበሃውን አንድ ዙር ቆጥረው ጨረሱ።

«ሳያውቁ የበሉት ወንጀል የለበትም ብለውኛል ሼሁ። እኔን አላህ ይምረኛል» አሉ። «አንቺ ግን እያወቅሽ ነው።»

«እያወቅሁ ነው» አልኩ። ሐሰት ብጨምርበት እዚያው የምሞት መሰለኝ።

እጃቸውን ሰደው ፊቴን ዳሰሱ፣ እንባዬን አገኙት። «ተነሺ፣ ተነሺ። አብሽሪ። አፉ ብያለሁ።»

ተነስቼ ተቀመጥኩ። የማሽላ እንጀራ በእርጎ አቀረቡልኝ፣ ሁላችንም ከአንድ ትሪ በላን። እየበላን ሳለ የልቤ ትል አላስቀምጥ አለኝ። እኔ የአያ ሰይድን ጥብስ አልቀመስኩም፣ እሳቸውም የእኔን አልቀመሱም፣ ወደፊትም አንቀማመስም። ሁለቱንም የሚያውቁ ከተባለ እኚህ አሮጊትና ልጃቸው ናቸው። ልጃቸው ደግሞ ተርቦ የበላ ሾፌር ነው፣ ምስክርነቱ አይታመንም። መጠየቅ ነውር እንደሆነ እያወቅሁ ጠየቅሁ።

«እማማ ዘይነባ፣ ይማሩኝና፣ ጥብሱ ከአያ ሰይድ ይለይ ነበር?»

እንድሪስ እንጀራውን ይዞ ቀረ። እሳቸው ግን አልተቆጡም።

«የሰይድን ጥብስ ከወጣትነቱ ጀምሬ አውቀዋለሁ። ቢለይማ መች እውጠው ነበር?»

ይህን ቃል ለመስማት ነው ከቤቴ የወጣሁት። ከዚያች ሴት አፍ ሰማሁት፣ እና በዕድሜዬ እንደዚያ ያፈርኩበት ሙገሳ የለም።

ከሰዓት በኋላ ቆቦ ተመልሼ ለአያ ሰይድ ሁሉን ነገርኳቸው። «ከፈለግሽ ሙስሊም አራጅ ልላክልሽ፣ ስሙ ይቆይ» አሉኝ። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ከልባቸውም ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ የሰፈሬ ሰው አይበላልኝም። እኔም በቤቴ የሚጠበሰውን መቅመስ የማልችል ጠባሽ ሆኜ እቀራለሁ። በአፍንጫ መሥራት አምስት ወር ይበቃል።

«ስምዎን እኔው በእጄ አወርደዋለሁ» አልኳቸው።

«እንግዲያ የማን ቤት ይባላል?»

«የአስካለ።»

«አስካለን ከደብረ ብርሃን ወዲህ ማን ያውቃል?»

«ይወቋታ!»

ሳቁ፣ የድሮ ሳቃቸውን። ባለቤታቸው ቅቤው መቅለጡን ሰምተው ኖሮ ለመንገዴ አንድ ከረጢት ማሽላ አስያዙኝ፣ «ይሄ አይቀልጥም» ብለው። ማሽላው ያለሁበት ብርድ ስለማይስማማው መዝራት አልችልም፣ ፈጭቼ ግን በልቼዋለሁ።

ረቡዕ ጉዞ፣ ሐሙስ ጉዞ። ጾም ስለነበር ረቡዕ መንገድ ላይ ሽሮ እንጂ ሌላ አልበላሁም፣ ጥብስ ቤቶቹንም በዓይኔ ብቻ አለፍኳቸው። ጣርማ በር ላይ ጋቢዬን ደረብኩ።

ዓርብ ጠዋት መሰላል ተውሼ ታፔላውን አወረድኩ። ልጆቼ ከታች ቆመው «እማዬ፣ አበድሽ እንዴ?» ይሉኛል። በምትኩ «የአስካለ ፍየል ጥብስ» የሚል ትንሽ ሰሌዳ ሰቀልኩ፣ ከጎኑ ማንም ከመኪና ሆኖ የሚያየው መስቀል አሳልኩበት። ሾፌሮቹ ቀንሰዋል፣ ይህን አልደብቅም። ወደፊት ምን እንደሚሆን አላውቅም። ግን ጥብሴን ከፈለገው ሰው ጋር አወዳድሬ ልቆም እችላለሁ፣ ይህንንም አልደብቅም።

ትናንት አንድ የጭነት መኪና ደጄ ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ፣ ሰሌዳውን ቀና ብሎ አይቶ፣ በሩ ላይ ቀረ።

«የሰይድ ቤት ተዘጋ እንዴ?» አለኝ።

«አልተዘጋም» አልኩት። «ያለው ቆቦ ነው።»

አመሰገነኝ፣ ሻይ ጠጣና ሄደ።